ቀለም ሲቦካ

ሥነ ጥበብና ማይክሮባዮሎጂ ምን አገናኛቸው? ይህን ጥያቄ ለክፍል ጓደኞቼ ሳነሳ አብዛኞቹ ይስቃሉ። አንዱማ «ባክቴሪያ ሥዕል ይስላል ልትለን ነው እንዴ?» ብሎኛል። አዎ፣ ይስላል። በትክክል ለመናገር በባክቴሪያ የሚስሉ ሰዎች አሉ። ውድ አንባቢያን፣ ስለ እነዚህ ሰዎች ጥቂት ካልኩ በኋላ ወደ ተወለድኩበት ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። ምክንያቱም በእኔ እምነት ይህ ሙያ የፈረንጅ ላቦራቶሪ ከመሠራቱ በፊት በእኛ ደጋ፣ በመሪጌታ ጓዳ፣ በማሰሮ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነው።

መጀመሪያ ከታወቀው እንነሳ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን በ1928 (እ.ኤ.አ.፤ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) እንዳገኘ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል። ሰውየው ግን ሥዕል ይወድ ነበር። በቀለም ብቻ ሳይሆን በባክቴሪያም ይስል ነበር። ቀይ የሚያወጣውን፣ ሐምራዊ የሚያወጣውን፣ ቢጫ የሚያወጣውን እየመረጠ በሽቦ ጫፍ አጋር ላይ ይጭራል። ሲጭር ምንም አይታይም። ከማሞቂያው ሳጥን ሲያወጣው ግን ዳንሰኛ፣ ወታደር፣ ቤት፣ ልጇን የምታጠባ እናት ሆኖ ይገኛል። ሥዕሉ ዕድሜ የለውም። ባክቴሪያ ድንበር አያውቅምና አንዱ በሌላው ላይ ይበቅልና ሁሉም ይደባለቃል።

ዛሬ ይህ ነገር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የማይክሮባዮሎጂ ማኅበር በ2015 በአጋር ላይ የሚሳል ሥዕል ውድድር ጀምሯል። እንግሊዛዊቷ አና ዱሚትሪዩ ደግሞ ሙሉ ሙያዋ ይኸው ነው። በ2018 ባቀረበችው «የቸነፈር ቀሚስ» ላይ፣ በሐሩ ጥልፍ ውስጥ፣ ከተገደለ የቸነፈር ባክቴሪያ የወጣ ዲኤንኤ አስገብታለች። ሩቅ ሆኖ ለሚያየው ቀሚስ ነው። ምን እንዳለበት የተነገረው ሰው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹ ከጥበብነታቸው ይልቅ ጉድነታቸው ይስበኛል። ብቻ ይሁን፣ ጉድም ትምህርት ነው።

ከሁሉም የበለጠ የያዘኝ ግን የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ፋኒ ሄሴ ትባላለች። ኒው ዮርክ አካባቢ ተወልዳ ቫልተር ሄሴ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አገባች። ባሏ ከሮበርት ኮህ ጋር ሲሠራ እሷ ያለ ደመወዝ ላቦራቶሪ ታግዘው ነበር። ለሚያሳትመው ጽሑፍም ሥዕሎቹን የምትስለው እሷ ነበረች። በማይክሮስኮፕ የምታየውን በውኃ ቀለም ትስላለች። በዚያን ጊዜ ባክቴሪያ የሚበቅለው በጄላቲን ላይ ነበር። ጄላቲን ደግሞ በበጋ ሙቀት ይቀልጣል። ሙቀቱ ቢተወው እንኳ አንዳንዱ ባክቴሪያ ራሱ በልቶ ውኃ ያደርገዋል። ባልየው ቢቸግረው አንድ ቀን «የአንቺ ማርማላታ በዚህ ሙቀት እንዴት አይቀልጥም?» ብሎ ጠየቃት ይባላል። ምስጢሩ ከባሕር አረም የሚገኘው አጋር ነበር። በጃቫ ከኖሩ ጎረቤቶች የተማረችው የወጥ ቤት ዘዴ ነው። ነገሩ የሆነው በ1881 ነው። ኮህ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባወጣው ጽሑፍ አጋርን ጠቀሰ፤ ሄሴዎችን ግን አልጠቀሰም። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ላቦራቶሪ ሁሉ፣ የእኛም ጭምር፣ የአንዲት ሠዓሊ ሴት ወጥ ቤት ባለዕዳ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእናቴ ሊጥ ነው። እርሾ ከትናንቱ ቡኮ ይቀራል፣ ለዛሬው ይጨመራል፣ ጎረቤት ቢያልቅባት መጥታ ትወስዳለች። በዚያ እርሾ ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች እንዳሉ የተማርኩት ጎንደር ከመጣሁ በኋላ ነው። እናቴ ግን ሊጡ «ኩፍ አለ» «አልፎበታል» ስትል ከእኔ ፒኤች መለኪያ ያልተናነሰ ታውቃለች። ከምጣዱ ወዲያ፣ ከመደቡ ሥር ደግሞ አፏ በጨርቅ የታሰረ ሌላ ማሰሮ ነበረች። ያችን መንካት ክልክል ነው። የአጎቴ የቀለም ማሰሮ ናት።

አጎቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለለመኑኝ አገሩ እንደሚጠራቸው መሪጌታ ብቻ እላቸዋለሁ። ዳዊት፣ ድርሳን፣ ገድል ይጽፋሉ። በመጽሐፉ ራስ ላይ የሚጎነጎነውን ሐረግ ራሳቸው ይስላሉ፣ ድጉሱንም ራሳቸው ይደጉሳሉ። በልጅነቴ ሰው «ቀለም ቀማሚ» እያለ በሹክሹክታ ሲያወራ እሰማ ነበር። አገራችን ያውቃችኋል፤ ማሰሮ አፉን አስሮ የሚያስቀምጥ ደብተራ ሁሉ መተተኛ ነው። ማሰሮዋ የምትታሰረው ግን ለዝንብና ለአቧራ ነው። ይህን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ሥራው ከብራናው ይጀምራል። የፍየል ቆዳ ይመረጣል፤ የበግ ቆዳ ስብ ይበዛዋል። ቆዳው ትኩስ መሆን አለበት። «ጨው የነካው ቆዳ ለእኔ አይሆንም» ይላሉ መሪጌታ። ከዚያ በውኃ ይዘፈዘፋል። አውሮፓውያኑ ቆዳውን የሚዘፈዝፉት በኖራ ነው። ኖራው ጠጉሩን ያላላል፣ ባክቴሪያውንም ያዳክማል። እዚህ ግን ኖራ የለም፤ ያለው ውኃና ቀን ብቻ ነው። ውኃው ውስጥ ባክቴሪያዎች ሥራ ይጀምራሉ። ትንሽ ሲቆዩ ቆዳውን ያለሰልሱታል። ብዙ ከቆዩ ግን ራሱን ኮላጅኑን መብላት ይጀምራሉ። መሪጌታ በአፍንጫቸው ይለኩታል። ጠጉሩን በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ያዩታል፤ በቀላሉ ተነጭቶ ከመጣ አልፎበታል፣ ይጣላል። ካልመጣና ሽታው ከተለወጠ ጊዜው ነው። ያወጡትና በመወጠሪያው ላይ ይወጥሩታል፣ ሥጋውን ይፍቁታል፣ ሲደርቅ ጠጉሩን ይላጩታል፣ በሻካራ ድንጋይ እያሹ ያለሰልሱታል። የተወጠረው ቆዳ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጮሃል። በልጅነቴ በጣቴ መትቼ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ!

እንግዲህ አስቡት። ብራና ኮላጅን ነው። የሄሴዎችና የኮህ ጄላቲንም የተቀቀለ ኮላጅን ነው። ቫልተር ሄሴን ያበሳጨው፣ ጄላቲኑን ውኃ የሚያደርገው ባክቴሪያና አጎቴ በአፍንጫቸው የሚጠብቁት ባክቴሪያ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ልዩነቱ አንደኛው እንዲቀር ሲፈልግ ሌላኛው መቼ እንደሚያስቆመው ማወቁ ነው።

ስለ ጨው የተናገሩትን ለብዙ ጊዜ የአሮጌ ሰው ልማድ ነው ብዬ አልፌው ነበር። በኋላ በ2017 የወጣ አንድ ጥናት አነበብኩ። ሮም ያሉ ተመራማሪዎች በቫቲካን መዛግብት የሚገኝን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ረጅም የብራና ጥቅልል ይመረምራሉ። ጥቅልሉ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወርሶታል፣ ፊደሉም በየቦታው ተገሽልጧል። ምክንያቱን ሲፈልጉ በዘረ መል ያገኙት ጨው ወዳድ የሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በባሕርና በጨው ኩሬ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያንን ነው። መነሻው ቆዳው እንዳይበሰብስ የተነሰነሰበት ጨው ነው። ጨው ወዳዶቹ መጀመሪያ ገቡ፤ እነሱ ሲያልቁ ሌሎች ተከተሉና ኮላጅኑን በሉት። ለአጎቴ በስልክ ሳነብላቸው ምንም አልደነቃቸውም። «ታዲያ ጨው የነካው ቆዳ አይሆንም አላልኩህም?» ብቻ አሉ።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። የጥቁሩ ቀለም አሠራር ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፣ መሠረቱ ግን ጥላሸት ነው። መሪጌታ ከምጣድና ከድስት ቂጥ ይፍቁታል። ገብስ ከሰል እስኪመስል ያሳርራሉ፣ ይወቅጡታል። የቅጠል ጭማቂ አለ። የግራር ሙጫ አለ። ይህ ሁሉ በውኃ ተለውሶ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ ከባለፈው ቀለም የተረፈ ጥቂት ይጨመርበታል (እሳቸውም «እርሾ» ነው የሚሉት)፣ ከዚያ ይጠበቃል። በየጥቂት ቀኑ ይማሰላል። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከርማል። ከሦስት ወር በታች የቆየውን «ጥሬ» ይሉታል። ሲበቃው ይጋገራል፣ ይደርቃል፣ ተቆርሶ ይቀመጣል። ሊጽፉ ሲሉ ከደረቁ ቆረስ አድርገው በውኃ ያሹታል፣ ወደ ቀንዱ ይጨምሩታል፣ ቀንዱን መሬት ላይ ይተክሉታል።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ? ጥላሸት በውኃ አይሟሟም። ይንሳፈፋል ወይም ይቋጠራል። እንዲሁ ብታሹት ቀለሙ ከብዕሩ ጫፍ ጓል ጓል እየሆነ ይወርዳል። የሚያስፈልገው እያንዳንዱን ቅንጣት ከሌላው የሚያራርቅና ከብራናው ጋር የሚያያይዝ ልጥ ያለ ነገር ነው። ግማሹን ሙጫው ይሠራዋል። የቀረውን እንደሚመስለኝ የሚሠሩት ያረረውን ገብስ ስታርችና ፕሮቲን እየሰባበሩ አሲድና ዝልግልግ ነገር የሚያወጡት ተሕዋስያን ናቸው። አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት ከብረት ጨው የሚሠራው ቀለም አሲዱ ከፊደሉ ሥር ያለውን ገጽ እየበላ ቀዳዳ ሲያወጣ፣ የጥላሸቱ ቀለም ግን ካርቦን ስለሆነ አይበላም፣ በብርሃንም አይደበዝዝም። የአባ ገሪማ ወንጌሎችን አስቡ። ብራናቸው በሬዲዮካርቦን ተለክቶ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ ነው የተባለው። ዛሬም ይነበባሉ።

ብርዱም ድርሻ አለው። መካነ ብርሃንን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከደባርቅ ተነስቶ በስሜን ተራሮች ፓርክ በኩል ቧሒትን አቋርጦ የሚደረስባት የደጋ ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። የባክቴሪያ ሥራ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግምት በግማሽ ይወርዳል ብለን ተምረናል። ጠላውም በእኛ ቤት የሚዘገየው ለዚህ ነው። መሪጌታ አንድ ዘመን ጎንደር ከተማ ከርመው ቀለም ቢያዘጋጁ «ፈጠነ፣ ግን ረገበ» ይላሉ። የደጋው ዝግታ ለቀለሙ ይበጀዋል ባይ ናቸው። እኔ ይህን ለመፈተን እፈልግ ነበር። የሚጣላኝ ይኑር አይኑር በኋላ እነግራችኋለሁ።

በነገራችን ላይ ሥነ ጥበብና ሳይንስ በእኛ ወረዳ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከመካነ ብርሃን ብዙም የማትርቀው ደረስጌ ማርያም ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ናት። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሯት ግን እነግሥባታለሁ ብለው የነበሩት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ናቸው። በውቤ ቤት ሁለት ጀርመኖች ነበሩ፤ አንዱ ዕፅዋት ሰብሳቢው ቪልሄልም ሺምፐር፣ ሌላው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር። በደረስጌ ሥራ የሁለቱም እጅ አለበት ይባላል። ሺምፐር የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋት በአውሮፓ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል። አንድ የዕፅዋት ሊቅና አንድ ሠዓሊ በአንድ የደጋ ግቢ ሲሠሩ ማሰብ ደስ ይለኛል። የአገሩን ቀለም ቀማሚ ማሰሮ ከፍተው አይተው ይሆን?

እኔ ግን ከፍቼ አየሁ፤ በፈቃድ ነው። ያለፈው ዓመት መሪጌታ ሁለት ዓመት የደረቀ የቀለም ቁራሽ ሰጡኝ። የባቄላ ፍሬ ታህላለች። ከሷ ላይ ትንሽ ፍቄ በንጹሕ ውኃ አሟሟሁ፣ በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሞቅሁ (ስፖር ያልሠራው ሁሉ እንዲሞት ማለት ነው)፣ አጋር ላይ ዘረጋሁ። በማግስቱ ጠርዛቸው የተንጨባረረ፣ እርጎ የመሰሉ ቅኝቶች ወጥተው ነበር። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ዘንግ ቅርጽ ያላቸው፣ ግራም ፖዘቲቭ፣ በሆዳቸው ስፖር የያዙ ናቸው። የባሲለስ ወገን ናቸው። ሁለት ዓመት በደረቅ ጥላሸት ውስጥ ተኝተው ውኃ ሲነካቸው ተነሱ። መጽሐፉ ተጽፎ ካለቀ በኋላም፣ በፊደሉ ውስጥ እንዲሁ ተኝተው ይሆናል ማለት ነው።

ከዚያ እንደ ፍሌሚንግ ልሞክር ብዬ በእነዚሁ ባክቴሪያዎች አጋር ላይ ሐረግ ሳልኩ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ሲጎነጉኑት ያየሁትን ሐረግ ነው። ሳህኑን አሽጌ አስቀመጥኩት። በመጀመሪያው ቀን ያምር ነበር። በሁለተኛው ቀን መስመሮቹ ወፈሩ። በሦስተኛው ቀን ተገናኙ። የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ ለመሪጌታ በጎረቤት ልጅ ስልክ ላክሁላቸው፣ ሦስተኛውንም ጨመርኩ። አስጠግተው አዩትና ደወሉ።

«ይኼ የእኔ ቀለም ነው የምትለው?»

«አዎ አጎቴ፣ ቀለሙን የሚያቦኩት እነሱ ናቸው።»

«መስመር አይጠብቁም እኮ። ይኼ ሐረግ አይደለም፣ እንክርዳድ ነው።» ትንሽ ዝም አሉና «ማሰሮ ውስጥ ሲሆኑ ይሻላሉ» አሉ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የውጭዎቹንና የእኛን ሠዓሊ ልዩነት ለራሴ ማስረዳት ቻልኩ። ፍሌሚንግና ከእሱ በኋላ የመጡት ተሕዋስያኑን ሥዕል ያደርጓቸዋል። እንዲታዩ ነው የሚፈልጉት። መሪጌታ ግን ሠራተኛ ያደርጓቸዋል። ሥራቸውን ጨርሰው እንዲተኙ፣ ማንም እንዳያያቸው ነው የሚፈልጉት። የጥሩ ጸሐፊ ሙያ የሚለካው ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ምንም ሳይበቅል በመቅረቱ ነው።

ሲበቅልስ? ፈረንሳይ ያለው የላስኮ ዋሻ የታወቀ ምሳሌ ነው። በ1940 ሲገኝ ሥዕሎቹ ደህና ነበሩ። ለጎብኚ ተከፍቶ የሰው ትንፋሽ፣ ሙቀትና መብራት ሲገባ ግድግዳው አረንጓዴ አልጌ አበቀለ፤ በ1963 ለሕዝብ ተዘጋ። በ2001 ደግሞ ነጭ ሻጋታ ወረረው። እኛ ጋ የሆነውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። በአካባቢያችን ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን (ስሙ ይቅር) ከምእመናን በተዋጣ ገንዘብ አዲስ ዕቃ ቤት ተሠራለት። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ለሌባ ተብሎ ጠባብ መስኮት። የቀድሞው ሣር ክዳን ቤት ያፈሳል ተብሎ ነው፤ ልክ ነው፣ ያፈስ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቤት መጻሕፍቱ በማኅደራቸው ሆነው ግድግዳው ላይ ባለ ችካል ይንጠለጠሉ ነበር። አየር ይዞራቸዋል፣ የዕጣኑ ጭስ ያገኛቸዋል። በአዲሱ ቤት በብረት ሣጥን ተደርድረው ተቆለፈባቸው። ደጋ ላይ ቆርቆሮ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ላቡን ያንጠባጥባል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 65 ወይም 70 ካለፈ ሻጋታ ለመነሳት ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ከክረምቱ በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ሽታው ከበር ላይ ይመልሳል። አንድ ሰው በቅንነት በበረኪና ጨርቅ ሊወለውል ጀመረ፤ ቅጠሉ ነጣ፣ ሲደርቅም ተሰነጠቀ። ሌላው ፀሐይ ላይ አሰጣ፤ ብራናው እንደ ቆሎ ቅርፊት ተጠቀለለ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚበጀው ቀላል ነው። ጥላ፣ ነፋሻ ቦታ፣ ከዚያ በደረቀ ለስላሳ ብሩሽ አፍንና አፍንጫን ሸፍኖ መጥረግ። በረኪና አይነካውም፣ ፀሐይም አያገኘውም። ለመነሻው ደግሞ ችካሎቹን ወደ አዲሱ ቤት መልሶ መስኮት ማስፋት። ይህን ለካህናቱ ስናገር አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ «ዱሮስ እንደዚያ አልነበር?» አሉኝ።

አንድ ነገር በዚያ ሣጥን ውስጥ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል። ከተበላሹት መጻሕፍት በአንዱ ሻጋታው ኅዳጉን ወርሶታል፣ በመስመሮቹ መካከል ያለውንም ባዶ ቦታ ጀምሮታል፣ ፊደሎቹ ላይ ግን አልወጣም። ጥላሸቱ ነው? ሙጫው ነው? ወይስ የተኛው ባሲለስ? ከባሲለስ ወገን ሻጋታን የሚገታ ነገር የሚያመርቱ እንዳሉ በመጽሐፋችን ውስጥ ተጽፏል። ይህ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት የሚሆን ጥያቄ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ጻፍኩ፣ አቀረብኩ። አንድ መምህር «ይህ የባህል ጥናት እንጂ ባዮሎጂ አይደለም» አሉኝ። ወደ ባህል ጥናት ሰዎች ሄድኩ። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ይህማ ባዮሎጂ ነው» አሉኝ። ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው፣ አልተቀየምኳቸውም። ብቻ በሁለት ወንበር መካከል መሬት ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አውቄአለሁ። ያስመዘገብኩት ርዕስ ሌላ ነው፤ ስለ ውኃ ብክለት ነው፤ እሱም ጠቃሚ ነው።

አንዳንድ ሰው «መጻሕፍቱ ፎቶ ተነስተው የለም ወይ?» ይለኛል። በጎ ሥራ ነው። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በሺዎች የሚቆጠሩ በማይክሮፊልም ተነስተዋል፤ በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ሚኒሶታ ሆነው ለዓመታት ዘርዝረው መዝግበዋቸዋል። ያ ባይሆን ኖሮ የጠፋ ገድል ቢፈለግ ጽሑፉ እንኳ አይገኝም ነበር። ፎቶ ግን ንባቡን ነው የሚያድነው። ቀለሙ ስንት ወር እንደቦካ፣ ቆዳው መቼ ከውኃ እንደወጣ አይነግርም። (ማይክሮፊልሙም ቢሆን ላዩ ጄላቲን ነው። ያው ኮላጅን! ሻጋታ እሱንም ይበላል።)

መሪጌታ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ሞራ ነው፤ ጎንደር መጥተው ይታዩ ብንል «ከደብሩ ዳዊት በኋላ» ይላሉ። ዳዊቱ ከመዝሙር ሰማንያ አላለፈም። ደቀ መዝሙር የላቸውም። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ማን ይፈርድበታል? የጠርሙስ ቀለም ሱቅ ውስጥ በሞላበት ዘመን ሦስት ወር ማሰሮ የሚጠብቅ ሰው ከየት ይመጣል? ችግሩ እርሾው ነው። መሪጌታ ከመምህራቸው የተቀበሉት ነው፤ መምህራቸውም ከመምህራቸው። ማሰሮዋ አንድ ክረምት ሥራ ከፈታች ያ ሰንሰለት አበቃ። እኔ ጥቂቱን በላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ማስቀመጥ እችላለሁ፣ አስቀምጫለሁም። ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው፣ ቀለም አይደለም።

ባለፈው ፋሲካ ይህንኑ ነገርኳቸውና እርሾውን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ወዲያው አልሰጡኝም። «አንተ እንዲያው ለማብቀል ነው የምትፈልገው። መጀመሪያ ብርዕ ቅረጽ» አሉ። መቃ ሰጡኝ፣ ቢላ ሰጡኝ። ከአሥር በላይ ቀረጽኩ፣ ሁለቱ ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ነው በቅል አድርገው ጥቂት የሰጡኝ፤ የቅጠሉን ስም ግን እስካሁን አልነገሩኝም። «ቀለምህ ሲበቃው እነግርሃለሁ፤ ያለሱም እርሾው ይነሳል» ብለዋል።

ማሰሮው አሁን ጎንደር፣ በተከራየኋት ክፍል ጥግ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። የቤቱ እመቤት «ልጄ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው የሚሸተው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል፣ ሁለቱንም ጊዜ ትምህርት ነው ብያለሁ። ትናንት ማታ መሪጌታ ደወሉ። ስለ ጤናዬም ስለ ፈተናዬም አልጠየቁም።

«ምን ይሸታል?» አሉ።

ጨርቁን ፈትቼ ጎንበስ አልኩ። «የአሻሮ ሽታ አለው። ትንሽ ደግሞ ኮምጠጥ ይላል።»

«ገና ነው» አሉ። «አማስለው።»